የቤት ሥራ ሲጀመር የላይኛውን አፈር የት እናድርገው?

ባዶ ቦታ ላይ ቤት ሊሠራ ኤክስካቫተር ሲገባ መጀመሪያ የሚነሳው ሣር የበቀለበት የላይኛው አፈር ነው። ለአንድ መኖሪያ ቤት ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ገልባጭ መኪናው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ይጫንለታል፣ ይሄዳል። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ቤቱ ሲያልቅ ባለቤቱ ግቢው ውስጥ ጎመን፣ ጽጌረዳ፣ አንድ ሁለት የአቮካዶ ችግኝ መትከል ያምረዋል። መሬቱን በዶማ ሲመታው ዶማው ነጥሮ ይመለሳል። ያለው የተጠቀጠቀ ጭቃ፣ የብሎኬት ስብርባሪና የደረቀ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ «ለም አፈር» የሚያመጣለት ሰው ይፈልጋል። የራሱን አፈር ከፍሎ አስወጥቶ፣ ከየት እንደመጣ የማያውቀውን አፈር ከፍሎ ያስገባል።

ይህን ማስቀረት ከባድ አይደለም። ውሳኔው ግን ማሽኑ ከመግባቱ በፊት መወሰን አለበት። አፈሩ አንዴ ከተጫነ በኋላ የሚመልሰው የለም።

የላይኛው አፈር ስንል ምን ማለታችን ነው? መሬቱን ቁልቁል ስንቆርጠው ከላይ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ክፍል ነው። የበሰበሰ ቅጠልና ሥር፣ የመሬት ትል፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን፣ ከእጽዋት ሥር ጋር ተቆራኝተው ውኃና ፎስፈረስ የሚያቀብሉ ፈንገሶች ያሉት እዚህ ነው። ሥሮችና ትሎች የሚተዉት ቀዳዳ አየርና ውኃ ያስገባል። ከዚያ በታች ያለው የሥር አፈር ማዕድን ሊኖረው ይችላል፤ ሕይወቱ ግን ትንሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አፈር ለመፈጠር እስከ 1,000 ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠሩት የስዊዘርላንዱ የአፈር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ፣ ከታረሰ መሬት በጎርፍ የሚጠረገው አፈር በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን ገደማ እንደሚደርስ ገምተዋል። ስለ አፈር መከላት ስናወራ ሁልጊዜ የምናነሳው ገበሬውንና ተዳፋቱን ነው። እስቲ የቤት ግንባታን እናስላው። ከአንድ ሄክታር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ማንሳት ማለት 2,000 ሜትር ኩብ፣ በክብደት ከ2,000 ቶን በላይ ነው። ጎርፍ በዚያ ግምት መሠረት ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚፈጅበትን ማሽን በጥቂት ቀን ያነሳዋል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ትናንት ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት የነበረ መሬት ዛሬ ቤት እየሆነ ነው። ቤት ያስፈልጋል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። አፈሩ ግን አብሮ መጥፋት አልነበረበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቤቱ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ አፈሩ መነሳት አለበት። ሥርና ብስባሽ ያለበት አፈር ወለል ሥር ከቀረ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፣ ይሰምጣል፣ ወለሉም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሥራ ዝርዝሩ ወይም ቢኦኪው ሲዘጋጅ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዷ ብዙ ጊዜ «የላይኛውን 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ጠርጎ ማንሳት» የምትል ናት። ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ ያለው አፈሩ ከተነሳ በኋላ የት ይሂድ በሚለው ላይ ነው። ዝርዝሩ ይህን ካልተናገረ አፈሩ ከመሠረት ቁፋሮው ጋር ተደባልቆ በ«ካርት አዌይ»፣ ማለትም ከግቢ ተጭኖ በሚጣለው አፈር ሒሳብ፣ ይወጣል።

ጥቁር ሁሉ ለም አይደለም

ሳይት ላይ ደጋግሜ የምሰማው ስህተት አለ። አዲስ አበባ ዙሪያ ብዙው ቦታ መረሬ፣ አንዳንዱ ሰው ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። መሠረት ሲቆፈር ከአንድ ሜትር ተኩል፣ ከሁለት ሜትር ጥልቀት ጥቁር አፈር ይወጣል። ፎርማኑም ባለቤቱም ያዩትና «ይሄማ ለም አፈር ነው፣ ለአትክልት ይቀመጥ» ይላሉ። እውነተኛው የላይኛው አፈር ጠዋት ተጭኖ ሄዷል፤ ከሰዓት የወጣው የጥልቁ ጭቃ ደግሞ በክብር ይከመራል።

መረሬ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ስለሆነ በቀለም ብቻ መለየት አይቻልም። በእጅ ግን ይለያል። ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አንድ ጓል አንሱ። የሣር ሥር ይንጠለጠልበታል፣ በጣት ሲጫኑት ወደ ትንንሽ እንክብል ይፈረካከሳል፣ ዝናብ የነካው መሬት ሽታ አለው። ከጉድጓዱ ሥር አንድ ጓል አንሱ። ከባድ ነው፣ በትልልቁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀበት ገጽ የተወለወለ ይመስል ያብለጨልጫል። ያ የሚያብለጨልጭ ገጽ የተፈጠረው አፈሩ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲኮማተር እርስ በርሱ እየተፋተገ ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ነጫጭ የኖራ ጠጠር ታያላችሁ። ሥር የለውም ማለት ይቻላል። መሐንዲሶች ይህን አፈር አስወጥተው በምትኩ ሰሌክት፣ ማለትም የማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ የሚሞሉት እኮ ይህ ማበጥና መኮማተሩ ቤት ስለሚሰነጥቅ ነው። ይህን ጭቃ ግቢያችሁ ላይ ብታለብሱት ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

ቀይ አፈር ያለበት አካባቢ ነገሩ ይቀላል። ከላይ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ከታች ደማቅ ቀይ ይሆናል። ቀለሙ የተቀየረበት ቦታ ላይ ማሽኑ ይቁም።

ስለዚህ ከማንም በፊት ዶማና አካፋ ይዛችሁ ቦታው ላይ ሂዱ። በአራት ወይም በአምስት ቦታ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ። ግድግዳውን በአካፋ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና ተመልከቱ፤ ሥሩ የት ድረስ በዝቷል? ቀለሙ የት ይቀየራል? የሚፈረካከሰው የት አልቆ ድፍኑ የት ጀመረ? ተዳፋት ቦታ ከሆነ ከላይኛው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከታችኛው ጫፍ 35 ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ጎርፍ ለዘመናት ከላይ እያነሳ ታች ሲያስቀምጥ ኖሯል። «20 ሳንቲ ሜትር» የሚለው የውል ቁጥር አማካይ ነው፤ የእናንተን መሬት አያውቀውም።

መቼ ይነሳ?

አፈር በጣም እርጥብ ሆኖ ከተነካ ይበላሻል። እርጥብ አፈር በማሽን ሲገፋና ሲጫን ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። መረሬ ላይ ይህ በጣም የከፋ ነው። ቀላል መፈተኛ አለ። ትንሽ አፈር በእጃችሁ አሹና በመዳፋችሁ መካከል አንከባሉት። ከእርሳስ የቀጠነ ክር ሆኖ ሳይሰበር ከወጣ እርጥብ ነው፣ ጠብቁ። ክር ሊሆን ሲል ተቆራርጦ ከፈረሰ ጊዜው ደርሷል።

አዲስ አበባ አካባቢ ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ሥራ የማይሆኑ ወራት ናቸው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ጥሩ ነው። መሬቱ እርጥበት አለው፣ ጭቃው ግን ሄዷል። ሚያዝያ ላይ የበልግ ዝናብ ካለ ቀኑን መምረጥ ነው። ኮንትራክተሩ ማሽኑን ተከራይቶ ስላመጣው ብቻ በጭቃ ውስጥ እንዲሠራ አትፍቀዱ።

ሣሩ ከአፈሩ ጋር እንዳይደባለቅ አስቀድሞ ይታጨድ። ሰርዶ ካለ በተለይ ተጠንቀቁ። ቁራጭ ሥሩ ክምሩ ውስጥ ከገባ ቆይቶ ግቢውን በሙሉ ይወርሰዋል።

ክምሩ

በቁጥር እንየው። ቤታችሁ 100 ካሬ ላይ ካረፈ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ሲነሳ 20 ሜትር ኩብ ነው። የተቆፈረ አፈር ስለሚላላ ሲከመር ወደ 25 ሜትር ኩብ ይጠጋል። አንድ ሲኖ ገልባጭ መኪና ብዙ ጊዜ 16 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ከአንድ ተኩል ሲኖ በላይ ነው። ክምሩን ከታች 3 ሜትር ስፋት፣ ከፍታውን አንድ ሜትር ተኩል ብታደርጉት 11 ሜትር ርዝመት ይወጣዋል። 200 ካሬ ግቢ ላይ ይህ ትልቅ ቦታ ነው። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ብሎኬት፣ ብረት ሁሉ እዚያው መቀመጥ አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋችሁ አስሉ። ቤቱ ሲያልቅ ለአትክልት የምታውሉት 40 ካሬ ከሆነና 15 ሳንቲ ሜትር ካለበሳችሁት 6 ሜትር ኩብ ነው። ሲረጋ ስለሚቀንስ 7 ወይም 8 ያዙ። ይህን የሚያህል ክምር የትኛውም ግቢ ጥግ ይገኝለታል። የቀረውን ደግሞ ለጎረቤት፣ ለችግኝ ጣቢያ፣ ለገበሬ ስጡት። ዋናው ነገር ከመሠረት ጭቃ ጋር ተደባልቆ የትም እንዳይደፋ ነው።

ከፍታው ላይ አትደራደሩ። ጀርመን ውስጥ የግንባታ ደረጃዎች የላይኛው አፈር ክምር ከ2 ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራሉ። እዚያ እንዲያውም የግንባታ ሕጉ አንቀጽ 202 ላይ፣ ግንባታ ሲካሄድ የሚነሳው የላይኛው አፈር ጥቅም በሚሰጥ ሁኔታ እንዲጠበቅና እንዳይባክን ያዛል። እንዲህ ያለ አንቀጽ በየአገሩ ቢኖር ደስ ይለኛል። የከፍታው ምክንያት አየር ነው። ክምሩ ሲያድግ ክብደቱ መሐሉን ይጨምቀዋል፣ ኦክስጅን መግባት ያቆማል፣ ኦክስጅን የሚፈልጉት ተሕዋስያንና ትሎች ይሞታሉ፣ የሥር ፈንገሶቹ እየሳሱ ይሄዳሉ። መሐሉን ቆፍራችሁ ስታሸቱት የተበላሸ እንቁላል ዓይነት ሽታ ከመጣ አየር አጥሮታል ማለት ነው። ናይትሮጅኑም በአሞንየም መልክ ይጠራቀማል። አፈሩ ተመልሶ ሲበተንና አየር ሲያገኝ ወደ ናይትሬት ይለወጥና ዝናብ አጥቦት ይሄዳል። ለጭቃ መሬትማ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል ባይ ነኝ።

አጥርና ክምርን አታገናኙ። የብሎኬት አጥር ላይ የተደገፈ እርጥብ አፈር አጥሩን ይገፋል፤ ክረምት ላይ የሚወድቅ አጥር ሰው ይጎዳል። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ክፍተት ተዉ። የዛፍ ግንድ ዙሪያም አትከምሩ፤ ሥሩ ታፍኖ ዛፉ ይደርቃል። የግቢው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ውኃ ይተኛበታል። ቦታው ከፍ ያለ፣ ከመኪና መንገድ ውጪ የሆነ ይሁን፤ በላይኛው በኩል ትንሽ ቦይ አውጡለት። ማሽን ላዩ ላይ አይውጣ፣ የቀን ሠራተኛም የአሸዋ መንገድ አያድርገው።

መሸፈኛውን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። ክምሩ ከሁለት ሦስት ወር የማያልፍ ከሆነ ሸራ ይበቃል። ከሱ በላይ ከሆነ በሕይወት ያለ ነገር ይልበስ። እኛ አገር ቤት የሚሠራው ገንዘብ እየተፈለገ፣ የሲሚንቶ ዋጋ እየታየ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዓመት መቆየቱ የተለመደ ነው። ላስቲክ ለዚህን ያህል ጊዜ ካለበሳችሁት አፈሩን ታፍኑታላችሁ። ባቄላ፣ አጃ፣ ጓያ ወይም ማገጥ ዝሩበት። ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል፣ አየር ያስገባል፣ ባቄላውና ጓያው ናይትሮጅን ይጨምራሉ። ፍሬ ሳያፈሩ ታጭደው እዚያው ላይ ይተዉ። የዘሩ ዋጋ የአንድ ቀን ሠራተኛ የግማሽ ቀን ክፍያ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ የሚያስገኘው ጥቅም ግን ብዙ ነው።

ቦታ ፈጽሞ የሌለው ሰው በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ ከ20 እስከ 25 ከረጢት ይሞላል። የጉልበት ሥራ ነው፤ ለበረንዳ አትክልትና ለጥቂት ችግኝ ግን ያዋጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻል አንድ ዘዴ አለ። አትክልት የሚሆነውን ቦታ ጭራሽ አትንኩት። ቤቱ የማያርፍበትን ጥግ ገና በመጀመሪያው ቀን በእንጨትና በገመድ ከልሉት፤ ማንም አይግባበት፣ ማንም ዕቃ አይክመርበት። ማሽን ያልረገጠው አፈር መጠገን አያስፈልገውም።

ሲሚንቶ ሲደርስበት

ክምሩን ከሚያበላሹት ሁሉ ተደጋግሞ የማየው ሲሚንቶ ነው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ሚክሰሩ፣ አካፋው፣ የእጅ ጋሪው ይታጠባል፤ ውኃው ደግሞ ባገኘበት ይደፋል። የሲሚንቶ እጣቢ ፒኤች (አሲድነት ወይም አልካሊነት የሚለካበት ቁጥር) 12 አካባቢ ነው፤ በጣም አልካላይ ነው፣ ያቃጥላል። አፈር ላይ ሲደፋ ተክል ብረትና ዚንክ መውሰድ ይቸግረዋል፣ ቅጠሉ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። «ገበሬው ኖራ ይጨምር የለ?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ኖራ የሚጨመረው አሲዳማ መሬት ላይ፣ ተለክቶ ነው። እጣቢውን ማንም አይለካውም።

ለእጣቢ አንድ ጉድጓድ ለብቻ ይቆፈር፤ ሲደርቅ ተጠርጎ ከፍርስራሹ ጋር ይወጣል። የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የጂፕሰም ፍርፋሪና ምስማርም ከክምሩ ይራቁ። ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ይሄ አፈር ይፈለጋል» ብሎ መንገር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ካልተነገራቸው እነሱ የሚያዩት ቆሻሻ መድፊያ ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

ውሉ ላይ

አፈሩን የሚያድነው ወረቀቱ ላይ የሰፈረ ቃል ነው። «ጠርጎ ማስወጣት» በሚለው ፋንታ እንዲህ ይጻፍ፦ የላይኛው አፈር ብቻውን ይነሳ፣ ግቢው ውስጥ በተመለከተው ቦታ ከአንድ ሜትር ተኩል ባልበለጠ ከፍታ ይከመር፣ ከመሠረት ቁፋሮ አፈር ጋር አይደባለቅ፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ይነጠፍ። መጫኛና ማስወጫ የሚከፈለው በሜትር ኩብ ስለሆነ ግቢ ውስጥ የቀረው አፈር ከክፍያው ላይ ይቀነስ። ይህን ካልጠየቃችሁ ማንም አያነሳላችሁም።

ውጭ አገር ሆናችሁ በስልክ ቤት የምታሠሩ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይመለከታችኋል። ቤተሰብ ወይም ተወካይ ቦታው ላይ ሲሄድ የሚልክላችሁ የመሠረቱን ፎቶ ነው። የክምሩንም ፎቶ ጠይቁ፤ አጠገቡ ሰው አቁሙት፣ ከፍታው ይታያል። ክምሩ ከሰውየው ትከሻ ካለፈ ስልክ ደውሉ።

መመለሱ

ቤቱ አልቆ አፈሩ ሊነጠፍ ሲል ሰው ይቸኩላል። ዕቃ ሊገባ ነው፣ ግብዣ አለ። ግን ሥር ያለው መሬት በሲኖና በሚክሰር ተጠቅጥቋል። በዚያ ላይ ለም አፈር ማልበስ አስፋልት ላይ መዝራት ነው። ውኃው አይሰርግም፣ ሥሩም አይወርድም። በመጀመሪያ ፍርስራሹ ይለቀም። ከዚያ መሬቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር በዶማ ወይም በኤክስካቫተር ጥርስ ይሰንጠቅ፤ ደረቅ ሲሆን ነው መሠራት ያለበት፣ አለበለዚያ ከመሰንጠቅ ይልቅ ይለሰናል። ከዚያ አፈሩ በሁለት ዙር ይለብሳል። የመጀመሪያው ንጣፍ ከተሰነጠቀው ጋር በዶማ ትንሽ ይቀላቀል፣ ሁለተኛው በላዩ ይበተን። የክምሩ ውጭና ውስጥ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ሕይወት ያለውን የውጭውን ከታፈነው መሐል ጋር እያደባለቃችሁ አውጡ። ዓመታት የቆየ ከሆነ ኮምፖስት ወይም የበሰለ ፍግ ጨምሩበት።

ግድግዳው አጠገብ ስትደርሱ ቁሙ። የአፈሩ ከፍታ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ከቤቱም ወደ ውጭ ያዘንብል። አፈር ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበት ወደ ልስኑ ይወጣል፣ ምስጥም ሳይታይ ይገባል። ከአፈሩ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የቤት ጣጣ ብዙው ከዚህ ነው።

አፈሩ ከአንድ ክረምት በኋላ ስለሚረጋ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቴራዞና የእግር መንገድ በላዩ አታንጥፉ። የሚተከለውም ሥሩ ጠለቅ የሚል፣ ብዙ የማይጠይቅ ነገር ቢሆን ይመረጣል፤ ባቄላ አንድ ዙር ከበቀለ በኋላ ጎመንና ሰላጣው ይስማማዋል።

አፈሩ ቀድሞ የሄደባችሁም ትኖራላችሁ። ገዝታችሁ ከማስገባታችሁ በፊት አፈሩ ከየት እንደተነሳ ጠይቁ፣ መኪናው ላይ ወጥታችሁ በእጃችሁ ፈርክሱት። ያብለጨለጨና ሥር የሌለው ከሆነ የሌላ ሰው የመሠረት ጭቃ ነው፤ መልሱት። ካልተገኘም የተጠቀጠቀውን መሬት ሰንጥቃችሁ የወጥ ቤት ተረፈ ምርት፣ የቡና አተላ፣ የተቆራረጠ ሣርና ፍግ እያቀላቀላችሁ በየወቅቱ ባቄላ ወይም ማገጥ ዝሩበት፣ ሳያፈራም መልሳችሁ ገልብጡት። ቦታው ትንሽ ከሆነ ከአንድ ጥግ ጀምሩ፤ በሁለተኛው ክረምት ያ ጥግ ላይ ዶማው ሳይነጥር ይገባል።